በቀትር የሚበራው የማዘንጊያ አምፖል

ጨመዳ ተዘግቶ የተቀመጠ ነገር አይወድም። ሬዲዮም ይሁን የግድግዳ ሰዓት፣ ሽፋኑ ላይ ብሎን ካየ እጁን ይበላዋል። ነቀምቴ ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት የትምህርት ቤት ላቦራቶሪ ረዳት ሆኖ ሲሠራ፣ ሙከራውን የሚሠራው እሱ፣ የሚያጨበጭቡት ተማሪዎቹ ነበሩ ይባላል። ጡረታ በወጣ በወሩ የቸርቻቸውን የድምፅ ማጉያ «ትንሽ ይነፋነፋል» ብሎ ፈታው። እሑድ ፓስተሩ ዓይናቸውን ጨፍነው ረጅሙን ጸሎት «አሜን» ብለው ሲዘጉ፣ ማጉያው ከየት እንደለቀመው ሳይታወቅ «ጎል!» ብሎ ጮኸ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሙ ዶክተር ሽቦ ነው።

ሚስቱ ከሞተች አምስት ዓመት ሆኗታል። አንድ ልጁ ናኦሚ ጊምቢ ታስተምራለች። እሱ በከኒሳ ቀሴ በሚባለው ሰፈር፣ ግድግዳ ለግድግዳ ተጋግዘው በቆሙ የቀበሌ ቤቶች ረድፍ ውስጥ፣ በአንደኛው ብቻውን ይኖራል። በቀኝ በኩል ግድግዳ የሚጋራው ከማዘንጊያ ጋር ነው።

ማዘንጊያ የኪራሙ ሰው ናት። አያቶቿ ከጎጃም መጥተው እዚያ ያቀኑ ገበሬዎች ነበሩ፤ የእነሱን አነጋገር ሳትለቅ ኦሮምኛውንም ከገበያተኛው እኩል ታስኬደዋለች። በክፉው ጊዜ «ለሦስት ሳምንት ነው» ብላ ቤቷን ቆልፋ ወጣች። ስትመለስ ቁልፉ ነበር፣ ቤቱ ግን አመድ ሆኗል። ማን እንዳቃጠለው እስከ ዛሬ የሚናገር የለም፤ ባዶ መሆኑን ግን ሁሉም ያውቅ ነበር። ነቀምቴ መጥታ ከብዙ ደጅ ጥናት በኋላ ይህችን አንድ ክፍል ከነጓዳዋ አገኘች። የተቃጠለውን ቤት ቁልፍም ከአዲሱ ጋር በአንድ ክር አስራ እስካሁን አንገቷ ላይ ታደርገዋለች።

ከፋሲካ በኋላ አንድ ከሰዓት የጨመዳን በር አንኳኳች።

«ጋሼ ጨመዳ፣ ሐኪሞቹ አዲስ አበባ ሂጂ አሉኝ። ኩላሊቴ ነው። ሁለት ወርም ሦስት ወርም ይፈጃል ይላሉ።»

«ሂጂ እንጂ አዴ ማዘንጊያ! ምን ትጠብቂያለሽ?»

«ቤቱሳ? የቀበሌ ቤት ተዘግቶ ከከረመ ለሌላ ሰው ይሰጡታል። ደሞም ባዶ ቤት...» ክሩን ከአንገቷ አውጥታ አዲሱን ቁልፍ ብቻ ፈታችና መዳፉ ላይ አኖረችለት።

«ባዶ አይመስልም» አላት። «ማታ ማታ መብራትሽ ይበራል። ጨመዳ ብሎሻል።»

ይህን ያህል ቀላል ነገር ነበር። ማታ ገብቶ ማብራት፣ በመኝታ ሰዓት ገብቶ ማጥፋት። ግን ከመንገዱ ማዶ የብፅዓት ሱቅ አለች። ብፅዓት ከሸዋ ከመጣች ሃያ ዓመት ያለፋት፣ ከሱቋ መስኮት ያላየችው ነገር ቢኖር ገና ያልተደረገ ነገር ብቻ የሆነ ሴት ናት። ሚስት የሌለው ሰው በየማታው ባል ወደሌላት ሴት ቤት ሲገባ ብታየው፣ ሳምንት ሳይሞላ ወሬው አኖ ከተማ ድረስ ሄዶ፣ እዚያ ዳቦ ተደፍቶለት፣ ተድሮ ይመለሳል። የማዘንጊያ አለመኖርም በዚያው ይወጣል።

ስለዚህ ጨመዳ ማንም ሳይገባ የሚያበራ ነገር ፈለገ።

ነገሩ የተገኘው ከበርናባስ ነው። በርናባስ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር፣ ወደ ሌላ ከተማ ሊዛወር ዕቃውን የሚሸጥ ጎረምሳ ነው። ከመጽሐፎቹ መሀል ሁለት የክብሪት ሣጥን ጎን ለጎን ብታስቀምጥ የምታህል አረንጓዴ ሰሌዳ ነበረች። ኮምፒውተር ናት አለው፤ እንዳለች፣ ሙሉ ኮምፒውተር። ጨመዳ ቢገለብጣት ብሎን የላትም። በዚህ ትንሽ ቅር ቢለውም ይዟት ወደ ቤቱ ሄደ።

የመጀመሪያዋን ትንሽ አምፖል በሰሌዳዋ እግር ላይ ሲሰካ ሬዚስተር የሚሏትን፣ ለኤሌክትሪክ ልጓም የሆነችውን ቅንጣት ረሳ። አምፖሏ አንዴ አፈጠጠችበትና ሞተች። ለሁለተኛዋ ልጓሟን አደረገላት። በርናባስ አጠገቡ ተቀምጦ ሦስት መስመር ትእዛዝ አስጻፈው፤ አብሪ፣ ጠብቂ፣ አጥፊ። አምፖሏ ብልጭ አለች፣ ጠፋች፣ ደግሞ ብልጭ አለች። ጨመዳ ከተቀመጠበት ተነስቶ ቆመ። ሠላሳ አንድ ዓመት ማብሪያ ማጥፊያ ሲጫን የኖረ ሰው፣ ማንም ያልነካው መብራት ሲታዘዝለት አየ።

«ዋቃዮ!» አለ። «ይቺ እኮ ከተማሪዎቼ ሁሉ ትሰማለች።»

ጠቡ የተነሳው በሰዓቱ ላይ ነው።

«ሰዓቷን እንዳለ ተወው» አለ በርናባስ። «የምትቆጥረው በፈረንጅ ነው። አንተ ስድስት ሰዓት ጨምረህ ጻፍላት።»

«በቤቴ ውስጥ የፈረንጅ ሰዓት? ዶሮዬም፣ ጎረቤቴም፣ ቸርቼም በእኛ ሰዓት ነው የሚኖሩት። እሷም ትልመድ።»

«ጋሼ፣ ማሎ! አንድ ቀን ኢንተርኔት ያገኘች እንደሆነ ራሷን በራሷ ታርማለች። ያኔ የጻፍከው ሁሉ ይዛባል።»

«ኢንተርኔት?» ጨመዳ ሳቀ። በከተማው ዳታ ከተዘጋ ወራት ሆኖት ነበር። «እሱ በመጣ ቀን እኔም ፀጉሬ ይበቅላል።»

እንዳለውም አደረገ። የሰሌዳዋን ቀን ከንጋት አስጀመረው። አስራ ሁለት ሰዓት ተኩል ሲል አብሪ፣ እስከ ምሽቱ አራት አቆይተሽ አጥፊ ብሎ ጻፈላት። በአንድ ጨለምለም ያለ ማለዳ፣ ብፅዓት ቤተ ክርስቲያን በሄደችበት ሰዓት፣ ወደ ማዘንጊያ ቤት ገብቶ ገጠማት። አምፖሉን ከጣሪያው ላይ ካለው ትንሽ ሶላር ባትሪ ጋር አያያዘ። በመሀል ሪሌ የሚባል፣ ሲያበራም ሲያጠፋም «ቀጭ» የሚል ጥቁር ማብሪያ አደረገ። መጋረጃውን ዘጋ፣ በሩን ቆለፈ።

ማታ ማታ በራ። የከተማው መብራት በሚጠፋባቸው ቀናት እንኳ የማዘንጊያ መስኮት ቢጫ ሆኖ ይታይ ነበር። ጨመዳ ከግድግዳው ማዶ «ቀጭ» ስትል ይሰማና በልቡ አመሰግናለሁ ይላታል። ብፅዓት ብቻ አንድ ቀን ስኳር እየሰፈረችለት «ይቺ ማዘንጊያ ምን አስቀየምናት? ከቤት መውጣት እንኳ ተወች» አለች።

«አሟታል፣ ትተኛለች» አላት። ውሸቱ ግማሽ ስለነበር ብዙ አልከበደውም።

ሐምሌ በገባ በሳምንቱ ዳታ ተመለሰ። ሰፈሩ ሁሉ ስልኩን ወደ ሰማይ አንስቶ ተጯጯኸ። ጨመዳም የናኦሚን ልጅ ፎቶ በአሮጌው ላፕቶፑ ላይ በትልቁ ሊያይ፣ የስልኩን ኢንተርኔት ለአስር ደቂቃ አጋራ። ከወራት በፊት፣ ትእዛዙን ባስጻፈው ሰሞን፣ በርናባስ ያችን ሰሌዳ ከዚሁ ስልክ ጋር እንዳስተዋወቃት ትዝ አላለውም። ግድግዳው አንድ ነው፤ ኢንተርኔቱም አልፎት ይሄዳል። የልጅ ልጁን ጥርስ ቆጥሮ ሳይጨርስ፣ ከግድግዳው ማዶ «ቀጭ» የሚል ድምፅ ሰማ። ቀትር አልፎ ነበር። ልብ ብሎ ሊያዳምጥ ሲል ስልኩ ጮኸ፤ አኖ ያለው ታላቅ ወንድሙ አርፏል።

ለቅሶ ሦስት ቀን ብሎ ሄደ። መንገዱ ላይ ተኩስ አለ ተብሎ ተዘጋና አስራ አንድ ቀን እዚያው ቆየ።

ሲመለስ ሰፈሩ ዝም ብሎታል። እንደ ወትሮው ቢሆን ሐዘንተኛ ሲመጣ ከየደጁ «ጉዳቱ እንዴት ነው» ይባላል። አሁን ግን አንዱ ባርኔጣውን ነካ አድርጎለት አለፈ፣ ሌላው ቤቱ ገባ። በረንዳው ፊት ለፊት አንድ ሚሊሻ ጠመንጃውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ፊቱን ያዞረው ወደ ማዘንጊያ በር ነው።

ብፅዓት በሱቋ መስኮት በጣቷ ጠራችው። ሃያ ዓመት ስትጮህ የኖረች ሴት ስታንሾካሹክ መስማት በራሱ ያስፈራል።

«ጋሽ ጨመዳ፣ እግዚአብሔር ያጥናህ። ማዘንጊያ ቤት ሰው አለ።»

«ማን?»

«እኔ ምን አውቃለሁ! ማታ ጨለማ ነው፣ ድምፅ የለም። ቀን ግን፣ ልክ ስድስት ተኩል ሲሆን፣ መብራት ይበራል። አስር ሰዓት ላይ ይጠፋል። በየቀኑ! ሴትዮዋን ከፋሲካ ወዲህ በዓይኔ አላየኋትም። ቀን ተደብቀው ማታ የሚወጡ ናቸው ይላሉ። ገድለዋት ነው የሚልም አለ። የሚሊሾቹ አለቃ ቶላ ነገ ሰብረን እንገባለን ብሏል።»

ጨመዳ በጣቱ ቆጠረ። አስራ ሁለት ተኩል። ከንጋት ሳይሆን ከእኩለ ሌሊት ሲቆጠር፣ አስራ ሁለት ተኩል ቀትር ነው። ሰሌዳዋ ሰዓቷን አርማለች። እንደ በርናባስ ቃል፣ በራሷ።

ቁልፉ ኪሱ ውስጥ ነበር። አምስት ደቂቃ ቢያገኝ ይነቅላታል፤ ግን ያ ጠመንጃ ያለው ሰው አምስት ደቂቃ አይሰጥም። አፉን ቢከፍት ደግሞ ማዘንጊያ የለችም ማለቱ ነው። በሯ ወዲያው ይታሸጋል፣ ቤቷ ለሌላ ይሰጣል። ዝም ቢል ሰብረው ይገባሉ፣ ሽቦውን ያገኛሉ፣ ከዚያ ወዲያ ስሟ ከየትኛው ታጣቂ ስም ጋር እንደሚነሳ እሱም ያውቃል። ያን ሌሊት በጀርባው ተኝቶ ጣሪያው ላይ ዝናቡን ሲሰማ አደረ።

በማግስቱ ከቀትር በፊት ቶላ አራት ሰው አስከትሎ መጣ። ከኋላቸው ሊሊሴ የምትባለው የቀበሌው የቤቶች ሠራተኛ መዝገብ በፌስታል ሸፍና ቆማለች። ቶላ የጨመዳ የድሮ ተማሪ ነው፤ አንድ ጊዜ ላቦራቶሪ ውስጥ ባትሪ ልሶ ያለቀሰው ቶላ። አሁን ትከሻው ሰፍቷል፣ ሳቁም ጠፍቷል።

«ኦቦ ጨመዳ፣ ቤትህ ግባ።»

«ስንት ሰዓት ነው?»

«ሰዓት ምን ያደርግልሃል? ግባ አልኩህ።» ወደ ሰዎቹ ዞረ። «ሁለት ከፊት፣ ሁለት ከጓዳ በኩል። ውስጥ የሚንቀሳቀስ ካለ አትጠብቁ።»

ጨመዳ ያንን ክፍል ያውቀዋል። አራት እርምጃ በአምስት ነው። ከፊትና ከኋላ ገብተው፣ በጨለማው ተፋጥጠው፣ ጣታቸው ምላጭ ላይ ሆኖ ሳለ ጣሪያው ሥር «ቀጭ» ብሎ መብራት ቢፈነዳ፣ ማን ማንን እንደሚመታ ታየው።

«ቶላ! ውስጥ ሰው የለም።»

ሁሉም ዞሩ። ብፅዓት በመስኮቷ እስከ ወገቧ ወጣች።

«በምን አወቅህ?»

«መብራቱን የማበራው እኔ ነኝ። ማለቴ፣ እኔ የሠራሁት ነገር ነው። ስድስት ተኩል ሲሆን ራሱ ይበራል። እዚሁ እንቁም። ማንም ሳይገባ ታያላችሁ።»

«ማዘንጊያስ?»

«አዲስ አበባ ናት። ሐኪም ቤት። ከፋሲካ ጀምሮ።»

ሊሊሴ ፌስታሉን ከመዝገቡ ላይ ገፈፈች። እስክሪብቶዋ ወረቀቱን ሲነካ ጨመዳ ከሩቅ የሰማው መሰለው።

ቆሙ። ዝናቡ ያካፋል። አንዱ ሚሊሻ ቀስ ብሎ ከመስኮቱ ሥር ወደ መንገዱ ፈቀቅ አለ። ቶላ ስልኩን አየ፣ ደግሞ አየ። ከዚያ ግድግዳው ውስጥ «ቀጭ» አለ፤ መጋረጃውም ቢጫ ሆነ።

ጨመዳ የጠበቀው «አሃ» የሚል ቃል ነበር፤ ተማሪ ሲገባው የሚላት። ማንም አላለም። ብፅዓት «በስመ አብ» ብላ መስኮቷን ጠረቀመች። ሚሊሾቹ ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ሄዱ። በጠመንጃቸው የሚደርሱበት ሰው ቢሆን ይሻላቸው ነበር።

በሩን በቁልፉ ከፈተላቸው። ቶላ ከደፉ ሳያልፍ ተንጠራርቶ አየ። ሰሌዳዋ ጠረጴዛው ላይ፣ ቀይና ጥቁር ሽቦዎቿን ዘርግታ፣ በትንሿ አረንጓዴ ዓይኗ ትጠቅሳለች።

«ልንቀላት» አለ ጨመዳ። «አንድ ሽቦ ናት።»

«እጅህን ሰብስብ!» ቶላ ጮኸ። «ማንም እንዳይነካ። ባለሙያ መጥቶ ያያል።»

«ባለሙያው እኔ ነኝ እኮ፣ ልጄ።»

«እሱ ነው ያስፈራኝ» አለ ቶላ።

ስልኩን ወስደው ሁለት ቀን መረመሩት። ከአንዲት ሕፃን ፎቶ በቀር ያገኙት አልነበረም። በሩ ማህተም ባለው ወረቀት ታሸገ። ሊሊሴ ሙጫውን በመዳፏ እየደመደመች፣ ዓይኑን ሳታይ «እስከ ሐምሌ ሠላሳ ራሷ የሕክምና ወረቀቷን ይዛ ካልቀረበች ለተረኛ ይሰጣል። ተረኛ ቀደም ብሎ ከመጣና ከፈለገ ደግሞ እኔ ምንም ማድረግ አልችልም፣ ኦቦ» አለችው።

ተረኞች መጡ። የመጀመሪያው ባል፣ ሚስትና አማት ሆኖ በአምስት ሰዓት መጣ። በረንዳውን ለኩ፣ ጣሪያውን አዩ፣ ወደዱት። አማትየው ጓዳው የት እንደሆነ በመጋረጃው ጠርዝ ልታይ መስኮቱ ላይ እንደተለጠፈች ስድስት ተኩል ሆነ። ሁለተኛው ብቻውን የመጣ አስተማሪ ነበር፤ እሱ «ሳይንስ ነው» ብሎ ትንሽ ቆመና፣ ከዚያ የሚቸኩልበት ጉዳይ ትዝ አለው። ባለሙያ የተባለውም አልመጣ። አምፖሉ በታሸገው በር ውስጥ፣ ሰማይ ደመና በሆነበት ሐምሌ፣ በየቀትሩ መብራቱን ቀጠለ።

ጨመዳ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያውቀውን ነገር አላስረዳም። ሰው ሲጠይቀው «እኔም አልገባኝም» ይላል። የሰዉ ፍርሃት ቤቱን ከተረኛ ጠበቀለት፤ ማዘንጊያ እስክትደርስ ድረስ ይበቃኛል ብሎ አሰበ። ፍርሃትን እንደ ሰሌዳዋ አብሪ አጥፊ የሚሏት ነገር አድርጎ መቁጠሩ ነበር ስህተቱ።

በመጀመሪያ ጣሪያው ላይ ድንጋይ ወረደ። ከዚያ የሰፈሩ ሰው፣ ግማሹ ፈንጂ ግማሹ መንፈስ ነው ብሎ፣ መንገድ ቀየረ። ከዚያ አንድ ማለዳ፣ ከማዘንጊያ ግድግዳ ጋር የተደገፈ አንድ እስር የበቆሎ አገዳ አገኘ። ሌሊቱን ሙሉ ዘንቧል፤ አገዳው ግን ደረቅ ነበር። በሐምሌ ደረቅ አገዳ ሜዳ ላይ አይገኝም። አንድ ሰው ከጣሪያው ሥር፣ ለከብቱ ወይም ለምድጃው ካስቀመጠው፣ አውጥቶ ተሸክሞ አምጥቶታል ማለት ነው። ጨመዳ አንስቶ ግቢው አስገባው። በማግስቱ ሁለት እስር ሆነ።

«የማን ነው?» ብሎ ብፅዓትን ጠየቃት።

ብፅዓት የሱቋን ሚዛን ስትወለውል ቆየች። «አላየሁም» አለች።

ብፅዓት አላየሁም አለች። ጨመዳ ከጠመንጃው ይልቅ ይህን ፈራ።

ረቡዕ ጠዋት ሦስት እስር ነበር፤ የታችኛው ነጭ ጋዝ ይሸታል። እጁ ላይ አንዱን እንዳቀፈ ስልኩ ጮኸ።

«ጋሼ ጨመዳ! እንደምን አደርክ? ዳንኩ እኮ! ቅዳሜ እገባለሁ፣ ወረቀቴንም ሰጥተውኛል።»

«ነገዓ ነው፣ ሰላም ነው፣ አዴ ማዘንጊያ። እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ድምፅህ ምነው?»

«ዕቃ ተሸክሜ ነው።»

በቀስታ «መብራቱ ይበራል?» አለችው።

ጨመዳ አገዳውን በደረቱ አስደግፎ፣ በማህተሙ ወረቀት ላይ የሚንጠባጠበውን ውሃ አየ።

«ይበራል» አላት። «አንድም ቀን አላጎደለ።»

ስልኩን ዘግቶ አገዳውን ሁሉ ወደ ግቢው አስገባ። ማህተሙን ቀድዶ ገብቶ አምፖሉን ቢነቅል አገዳው ይቆም ይሆናል፤ ያኔ ግን ተረኛው ከሰዓት ሳይሞላ ገብቶ አልጋውን ይዘረጋል። ቢተወው ደግሞ ቅዳሜ ሦስት ሌሊት ቀርቶታል። ማዘንጊያ አንገት ላይ ሌላ ቤት አልባ ቁልፍ ሊጨመር ነው።

ከቤቱ ወንበር አወጣ፣ ብርድ ልብስም አወጣ። ወንበሩን ወስዶ ከማዘንጊያ መስኮት ሥር፣ አገዳው በነበረበት ቦታ ላይ አኖረና፣ ጀርባውን ለግድግዳው ሰጥቶ ተቀመጠ። እሳት የሚለኩስ ካለ መጀመሪያ ዶክተር ሽቦን ፊቱን እያየ ይለኩስ።

መንገደኛው ያልፋል። አንዳንዱ ዓይኑን ይሰብራል፣ አንዳንዱ «አከም» ብሎ ምላሹን ሳይጠብቅ ይሄዳል። ጨመዳ ሰዓት አላሰረም፣ ስልኩንም አላወጣም። ከፊት ለፊቱ አንዲት ሴት ዘምቢሏን ይዛ ስትመጣ፣ ከእሱ ራስ በላይ የሆነ ነገር አየችና በቆመችበት ደረቀች። ዘምቢሏን ወደ ሌላ እጇ አዛውራ ማዶ ተሻገረች።

ስድስት ተኩል ሆነ ማለት ነው፣ አለ ጨመዳ በልቡ። ብርድ ልብሱን ጉልበቱ ላይ ሳብ አደረገ።